ቀኝ ክንዴ በስብሰባ ላይ

በሕይወቴ ሐሳብ አጥቼ አላውቅም። ስለማላውቀው ነገር እንኳ ብትጠይቁኝ የሆነ ነገር ሳልል አልቀርም። ባለቤቴ ይመሰክራል፣ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ፣ ከኮዬ ፈጬ አቃቂ በየቀኑ የሚያመላልሱኝ የታክሲ ረዳቶች ደግሞ ሳይጠየቁ ይመሰክራሉ። ይሁንና በብሎካችን የስብሰባ መዝገብ ላይ «ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ» ተብሎ የተጻፈው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የትከሻዬ ነበር።

ከጥቁር ሰሌዳው ልጀምር። አቃቂ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ ሰቅዬ በጠመኔ ስጭር ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሬን ላስይዝ ብዬ ሳነሳው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንደ ልማዴ ተቆጣሁት። አልሰማኝም። በግራ እጄ ገፋ ባደርገው ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር አመመኝ። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ፣ ቀሚስ ለመልበስ ባለቤቴን መጥራት ጀመርኩ፣ አውቶቡስ ላይ ከላይ ያለውን ብረት መያዝ ትቼ የሰው ወንበር ጀርባ መያዝ ለመድኩ።

ሰሌዳው ላይ የምጽፍበት መስመርም አብሮ ወረደ። መጀመሪያ መሃል ላይ፣ ቀጥሎ ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ በመጨረሻ ከታችኛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። መሃል ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች ለማየት ይቆማሉ፣ ከእነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ እነሱ ስለከለሏቸው ዴስክ ላይ ይወጣሉ። በዚህ መሃል አንድ ሱፐርቫይዘር ለምልከታ ገባ። ይወቅሰኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሰሌዳውን ሁለት ሦስተኛ ለተማሪዎች ተሳትፎ ክፍት የሚተው አሠራር ነው ብሎ በምርጥ ተሞክሮነት መዘገበልኝ። ሌሎቹ መምህራን ከእኔ ልምድ እንዲቀስሙ ታዘዙ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትከሻቸው ደህና የሆነ ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ሰነበቱ፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ተዉት።

ሐኪሙ ትከሻዬ እየደረቀ መሆኑን ነግሮኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ከትልልቆቹ ተማሪዎቼ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው፤ እኔን ግን ገና ከበሩ «ማዘር» አለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ማዘር መባሉን ገና አልተለማመድኩትም። ጀርባዬ ላይ ባለው ሰፊ የትከሻ አጥንት ላይ መዳፉን አሳርፎ ክንዴን እንዳነሳ ጠየቀኝ። አነሳሁ። ያነሳሁ መሰለኝ። ከፊት ለፊቴ ያለውን መስታወት ሳይ ክንዴ እዚያው ነው፤ የተነሳው ትከሻዬ ነው፤ ጆሮዬን ሊነካ ደርሷል።

«ማዘር፣ እርስዎ ክንድዎን እያነሱ አይደለም» አለኝ። «ትከሻዎን ነው የሚሰቅሉት።»

ከዚያ የትከሻን አስተዳደር አስረዳኝ። ክንድ ብቻውን አይነሳም አለ። የክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው፣ የሚቀመጥበት ደግሞ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ነው። ትከሻን ከላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ ጉልበት አለው፣ ግን ብቻውን ከተተወ አጥንቱን ወደ ጎን ከማውጣት ይልቅ ወደ ላይ ስቦ ከላዩ እንደ ጣሪያ ከተዘረጋው አጥንት ጋር ያጋጨዋል። ኳሱን ማስቀመጫው ላይ የሚያቆዩት በዙሪያው ያሉ አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። አንደኛው ከጣሪያው ስር ተሹለክልኮ አልፎ ለማንሳትም ያግዛል፣ ሌሎቹ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይይዛሉ። ትልቁ ሲጎትት ትንንሾቹ ካልያዙለት ሥራው ይበላሻል። በዚህ ላይ ጀርባ ያለው ሰፊው አጥንት ራሱ አብሮ መዞር አለበት። ክንዱ ሁለት ዲግሪ ሲሄድ እሱ አንድ ዲግሪ ያህል ይሰጠዋል።

ይህን ስሰማ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ሁለት ለአንድ የሚል ነገር የትም ብሰማ ደስ ይለኛል። ዘጠና ዲግሪ ለመድረስ ስልሳው ከመገጣጠሚያው፣ ሠላሳው ከሰፊው አጥንት ማለት ነው። የእኔን ሲያየው ግን ትንንሾቹ ታመው ሥራ አቁመዋል፣ መገጣጠሚያው ተጣብቋል፣ ሠላሳ ድርሻ የነበረው ሰፊው አጥንት ሁሉንም ልሥራ ብሎ ከማጅራት በሚወርደው ጡንቻ ተጎትቶ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ባለሙያው እንዳለው አንዱ ሁሉን ልሥራ ሲል ምንም አይሠራም። መፍትሔው በየቀኑ ግድግዳ በጣት መውጣት፣ ጎንበስ ብሎ ክንድን ማወዛወዝ፣ ቀስ በቀስ ትንንሾቹን ወደ ሥራ መመለስ ነበር። ሁለት ሳምንት ሞከርኩና ተውኩት። ሐኪሙ ተቆጥቶ መልሶ ላከኝ። አሁንም ተውኩት። ያማል፤ ማዘር መባሉ ደግሞ የባሰ ያማል።

እንግዲህ ስብሰባው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከብሎካችን ጀርባ፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መሃል፣ አንድ የመማሪያ ክፍል የምታህል ቦታ አለች። ግራውንድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎመንና ድንች ይተክሉባታል፣ ዳር ዳሯን በቆሎና ጤና አዳም አላት። ሽማግሌው የዚሁ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ብሎኩ የቆመበት ቦታ ድሮ የአባታቸው የጤፍ ማሳ እንደነበረ፣ ደረጃው ያለበት ጋ አውድማው እንደነበረ አንድ ቀን ምንም ቅሬታ ሳያሰሙ፣ የታክሲ መያዣ እንደሚያሳይ ሰው አድርገው ነግረውኛል። ጎመኑን ለራሳቸው ብቻ አይደለም የሚተክሉት፤ በየበሩ በፌስታል ያንጠለጥሉታል። እኔ ቢሮ ኖሮኝ ቢያንጠለጥሉልኝ ጉቦ ይባል ነበር።

ኮሚቴው ቦታዋ የመኪና ማቆሚያ ትሁን የሚል አጀንዳ አመጣ። በብሎካችን ሦስት መኪና አለ። አንዱ የሰብሳቢያችን ነው፤ ጎማዎቹ ተፈተው ጡብ ላይ ከተቀመጠ ዓመታት ስላለፉት የትም ቢቆም ለእሱ ለውጥ የለውም። ሦስት መኪና ላለበት ሕንፃ ማቆሚያ የሚደግፍ ሰው ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። መኪና ያላቸው ሦስት ቤቶች ናቸው፤ ወደፊት መኪና የሚኖራቸው ደግሞ አስራ አንድ ቤቶች ናቸው።

ስለ ድምፅ አሰጣጣችንም መናገር አለብኝ። አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፣ ተከራይ ድምፅ የለውም፣ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ እሱም ቀኝ እጅ ብቻ። ግራ እጅ የተከለከለው በሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ ምክንያት ነው። ይህ ሰው አቃቂ በሰቃ ወርክሾፕ ያለው በር በያጅ ነው። የውሃ ፓምፕ ይገዛ አይገዛ በተባለበት ስብሰባ ላይ ውሃ ማጣት በጣም አንገፍግፎት ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። ጸሐፊው እጅ ነበርና የሚቆጥረው ሁለት ብሎ ቆጠረው። ስህተቱ የታወቀው የተገኘው ሰውና የድምፁ ብዛት አልመጣጠን ሲል ነው። ቆጠራው ተዘግቶ ከተጨበጨበ በኋላ አንዷ እጁ ተቀነሰች። ፓምፑ እንደምንም ተገዛ። ሰብሳቢያችን ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ብሎ የቀኝ እጅ መመሪያ አወጣ። በያጁም ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል።

በዚያ እሑድ ኮሚናል በምንለው የጋራ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ቤት ተገኘ። የሚደግፉ ተባለ፤ አስራ አራት። የሚቃወሙ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማለቴ ለማውጣት ሞከርኩ። ክንዴ ከጭኔ ብዙም ሳይርቅ ቀረ፣ ትከሻዬ ግን ሽቅብ ወጣ። ጸሐፊው አየኝ። ትከሻዋን የሰበቀች ሴት ምን ማለቷ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ ማለቷ ነው። አስራ ሦስት ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ ብሎ ጻፈ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ወዲያው ገባኝ። የእኔ ድምፅ ቢቆጠር አስራ አራት ለአስራ አራት ይሆናል፣ እኩል ከሆነ ነገሩ ባለበት ይቆያል፣ ጎመኑም ይተርፋል። ጎመኑን የገደለው ትከሻዬ ነበር።

ሽማግሌው ተከራይ ስለሆኑ ከውጭ በመስኮት ነበር የሚያዳምጡት። ውጤቱ ሲነበብ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። እኔ ግን አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ከሰብሳቢው በር ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢያችን እኩያዬ ስለሆነ አንቱ አልለውም፣ ይህንንም ከነቀኑ መዝግቦ ይዞብኛል ብዬ እጠረጥራለሁ። ድምፄ ተቃውሞ እንደነበረ፣ ያልወጣው ስለታመምኩ እንደሆነ አስረዳሁት። ማስረጃ ጠየቀኝ። አኩርፌ ወደተውኩት ፊዚዮቴራፒ ተመልሼ ሄድኩ። ባለሙያው በማዕዘን መለኪያው ለክቶ፣ የቀኝ ክንዴ ያለ ትከሻዬ እገዛ ከአርባ አምስት ዲግሪ እንደማያልፍ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ወረቀቱን ይዤ ስመጣ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ ጎመን መሆኑ ቀርቶ እጅ ወጣ የሚባለው ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ነው ወደሚል ተሸጋገረ።

አንዱ ከጆሮ በላይ ካልሆነ አይባልም አለ። ሌላው ከታየ በቂ ነው አለ። ሦስተኛው የሰው ቁመት ስለሚለያይ አጭር ሰው ተጨማሪ ዲግሪ ይሰጠው ብሎ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። የሙያ አስተያየት እንድሰጥ የተጠየቅሁት እኔው ነበርኩ። ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር ሲጠይቋችሁ መመለስ ክፉ ልማድ ነው። ዲግሪ በቁመት እንደማይለወጥ፣ አጭርም ረጅምም ዘጠናው ዘጠና እንደሆነ ነገርኳቸው። በጣም ግልጽ ነው ብለው ተቀበሉኝና ከዘጠና ዲግሪ በታች የወጣ እጅ እንደማይቆጠር ወሰኑ። ውሳኔው በድምፅ ጸደቀ። እኔ መቃወም ፈልጌ ነበር፤ እጄ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ፦ በሰው ድጋፍ የወጣ እጅ አይቆጠርም፣ ልኬቱ በበያጁ ስኳድራ ይሆናል፣ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ከወር በኋላ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። ስኳድራ በያጆችና አናጢዎች የበር ማዕዘን ትክክል መሆኑን የሚያዩበት፣ ዘጠና ዲግሪ የታጠፈ ብረት ነው። በያጁ የተመረጠው የራሱ ስኳድራ ስላለው ነው። ትንሽ የጭነት መኪናም ስላለው ማቆሚያውን ከሚደግፉት አንዱ ነበር፤ ይህን ግን ማንም እንደ ችግር አላነሳውም።

ወር ሙሉ ግድግዳ ወጣሁ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የምሠራው ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መሃል ባለው ግድግዳ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሁለት ጣቶቼን እንደ ሸረሪት አስኬዳለሁ፣ ጣቶቼ የደረሱበትን ቦታ በጠመኔ አሰምራለሁ። ባለሙያው «ማዘር፣ ጆሮዎን ይዩ» ይለኝ ነበርና ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲመጣ ራሴን እሰድባለሁ። ሰፊው አጥንት የድርሻውን ሠላሳ ብቻ እንዲሠራ፣ ትንንሾቹ ከእንቅልፋቸው እንዲነሱ ከእነሱ ጋር እነጋገራለሁ። ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ይሰሙኛል። የጠመኔው መስመሮች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሉ ሽቅብ ሲሄዱ ነዋሪው ሁሉ መከታተል ጀመረ። ማቆሚያውን የሚደግፉት ሲያልፉ ከፍ ያለውን መስመር አይተው ፊታቸው ይጠቁራል፣ የሚቃወሙት ያጨበጭቡልኛል። አንድ ቀን ጠዋት ከእኔ መስመር በላይ ሌላ መስመር ተሰምሮ አገኘሁ። የእኔ እንዳልሆነ የማውቀው ቀጥ ያለ ስላልነበረ ነው፤ አንዱ ደጋፊዬ ሊያበረታታኝ ፈልጎ ያለፍኩ አስመስሎልኝ ነበር። በጣም ተናድጄ አጠፋሁት።

በያጁም በየቀኑ ያልፋል። አንድ ምሽት ብቻ ቆም ብሎ ግራ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ተመለከተኝ። ያማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም እጅግ እንደሚያም ነገርኩት። ወደ ቤቱ ገባ።

ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ብዙ አይናገሩም። «ጀባዱ» ይሉኛል፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ በከዘራቸው ደረጃውን ጠቅ ያደርጋሉ። ከባለሙያው ይልቅ እሳቸው ይሻሉኝ ነበር፣ ቢያንስ ልጄ ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ስለ ሞቱት ባለቤታቸው ነገሩኝ። ሴትየዋ ትከሻቸውን አሟቸው ነበር፣ ይሻለኛል ብለው ሳይታከሙ ተዉት፣ ክንዳቸው ደረቀ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ መጣል አቅቷቸው ሽማግሌው ሲያለብሷቸው እንደኖሩ፣ የሞቱትም በዚያው እንደሆነ ነገሩኝ። ተነስቼ ግድግዳውን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ያናደደኝን ነገር ልናገር። ከመጀመሪያው ስብሰባ ወዲህ ሽማግሌው አዲስ ችግኝ አልተከሉም። የደረሰውን ጎመን ይቀነጥባሉ፣ ድንቹን ቆፍረው አወጡ፣ መደቡ ግን ባዶውን ቀረ። በመስኮት ሳይ እየበገንኩ ነበር። እኔ ለጎመን ብዬ ግድግዳ ስቧጥጥ እሳቸው አንድ ችግኝ መትከል ያቅታቸዋል እያልኩ ለባለቤቴ አማኋቸው። ባለቤቴ ሽማግሌ ናቸው ተያቸው አለኝ። አልተውኳቸውም፤ በልቤ ቂም ያዝኩ።

የስብሰባው እሑድ ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ባለሙያው ሲለካኝ፣ ሰውነቴ ከሞቀ በኋላ ዘጠና ሁለት ደርሼ ነበር፤ ሳልሞቅ ግን ሰማንያ ላይ እቆማለሁ። ስለዚህ ኮሚናሉ ጥግ ላይ ጎንበስ ብዬ ክንዴን እያወዛወዝኩ ማሞቅ ጀመርኩ። ሰዎች ፕላስቲክ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሸሹኝ። ሌላው ችግሬ ፍጥነት ነበር። ዘጠና ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስድብኛል፤ ካቻኮልኩት ማጅራቴ ሥራውን ይነጥቀዋል። ሰብሳቢያችን አጀንዳ ሲያነብ ብዙ ይቆያል፣ ደጋፊዎች ሲቆጠሩም ይቆያል። አስቤ፣ አስልቼ፣ ንባቡ መሃል ላይ ሲደርስ ማንሳት ከጀመርኩ የሚቃወሙ ሲባል በትክክል እደርሳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ያላሰብኩት ሰብሳቢው ያን ዕለት ለቅሶ እንዳለበት ነው። አጀንዳውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። በያጁ አጠገቤ ቆሞ ስኳድራውን ከጎኔ አስጠግቷል፤ አንዱን ክንፍ ቁልቁል ከሰውነቴ ጋር፣ ሌላውን አግድም። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ትንንሾቹ ያዙ፣ ትልቁ ጎተተ፣ ሰፊው አጥንት ድርሻውን ብቻ ዞረ፣ ጆሮዬ ነፃ ነበር። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አግድም ያለውን ብረት ስነካ ሰብሳቢው «የሚደግፉ» አለ።

አስራ አምስት ብለው ቆጠሩ።

ከአስራ አምስቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። መጮኽ ፈለግኩ፣ ትንፋሼ ግን ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር። ከዚያ «የሚቃወሙ» ተባለ። ክንዴ እዚያው ነው። ቀድሞውኑ ማውረድ ከማንሳት የባሰ እንደሚያመኝ ባለሙያው ነግሮኝ ነበር፤ ሲወርድም ያንኑ የታመመ ቦታ ያልፋልና። አስራ አራት ብለው ቆጠሩ። አዳራሹ ሃያ ስምንት ሰው ይዞ ሃያ ዘጠኝ ድምፅ ሰጠ።

«የመጀመሪያው ድምፅ አልነበረም» አልኩ በመጨረሻ። «እጄ መንገድ ላይ ነበረች።»

ሰብሳቢው መመሪያውን አገላበጠ። የወጣ እጅ የወጣ እጅ እንደሆነ፣ በመንገድ ላይ ስላለ እጅ መመሪያው ምንም እንደማይል አስረዳ። ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሰው ድምፁ ከሁለቱም ይሰረዛል አለ። ከአስራ አምስቱም ከአስራ አራቱም አንድ አንድ ተቀነሰ። አስራ አራት ለአስራ ሦስት። ወር ሙሉ ግድግዳ ወጥቼ ተመልሼ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ነበርኩ፣ ያውም እጄን ሰቅዬ። በመስኮቱ በኩል የሽማግሌውን ባርኔጣ አየሁ። አለቀስኩ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ አያምኑም ነበር።

በያጁ ስኳድራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ያየኝ፣ አሁን ደግሞ ከብረቱ በኩል መንቀጥቀጤ ሲሰማው የቆየ እሱ ነበር።

«ሰብሳቢ፣ ያኔ በፓምፑ ጊዜ ቆጠራው ካለቀ በኋላ አንዷን እጄን ቀንሰሃታል» አለ። «ዛሬም ካለቀ በኋላ ቀንስልኝ።»

ሰብሳቢው ከየት ወደየት እንደሆነ ጠየቀው።

«ከመኪናው ወደ ጎመኑ» አለ። መኪናውን መንገድ ዳር ሲያቆም እንደኖረ፣ ወደፊትም እንደሚያቆም ጨመረና ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ላቡን ጠረገ።

ክርክሩ ረጅም አልነበረም፣ ለቅሶው እየጠበቀ ነበርና። ቆጠራ ከተዘጋ በኋላ እጅ ተቀንሶ ያውቃል፣ ያም በመዝገቡ ላይ በራሱ በሰብሳቢው ፊርማ ሰፍሯል። አስራ ሦስት ለአስራ አራት ተብሎ ተጻፈ። ሰው ወንበሩን እየደራረበ ወጣ።

እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ቀኝ እጄን አውጥቼ፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት። ለማውረድ ስሞክር መገጣጠሚያው እንደ ቢላ ይወጋኛል። ሽማግሌው ገቡ። ተከራይ ስብሰባው ላይ አይገባም፣ ስብሰባው ግን አልቋል። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሻካራ መዳፋቸውን ከክርኔ ስር አስገብተው ክብደቱን ተቀበሉኝ። ጎመንዎ ተርፏል አልኳቸው። ከልቤ አልወጣ ያለውን ቂም ጨምሬ፣ አባባ፣ ለመሆኑ ለምን ሳይተክሉ ቀሩ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መሬቱንማ ገና የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ትቼው ነበር» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ስንት ጊዜ መሬት እለቃለሁ፣ ይቅር ብዬ ነበር። ለአንቺ ብነግርሽ ግን ግድግዳውን ትተዪዋለሽ። ባለቤቴም ትከሻዋን እንዲሁ ነው የተወችው።»

ሐሳብ አጥቼ የማላውቀው እኔ ክንዴን ሙሉ በሙሉ ለቀቅኩላቸው።

«አሁን እንግዲህ ችግኝ ልፈልግ ነው» ብለው አጉረመረሙ፣ ክንዴን ቀስ እያደረጉ ጎኔ ጋ እስኪደርስ አወረዱልኝ።